ያልገለጥሁት ሁለተኛ ገጽ

ኑ፣ ወደዚህ ጠጋ በሉ ልጆቼ። ያችን አጎዛ ዘርጓትና ተቀመጡ፤ ፀሐይዋ ገና ግድግዳውን አልለቀቀችም። ዛሬ የምነግራችሁ ስለ ጀግና አይደለም። በዚህ ዕድሜዬ ቅናት እንዴት አድርጎ ሊማሊሞን ቁልቁል እንደ ነዳኝ ነው። ሽማግሌ ሰው ይህን አያወራም ትሉኝ ይሆናል። እኔ አወራዋለሁ። ስትስቁ ሳቁብኝ፤ ብቻ እስከ መጨረሻው ስሙኝ።

ካቻምና በጥቅምት፣ ውርጩ ከገብሱ ላይ ገና ሳይነሳ፣ በቅሎዬን እየሳብሁ የሊማሊሞን ጠመዝማዛ እወርዳለሁ። በቅሎዋ ላይ የሚስቴ የበለጠች ወንድም፣ ይግዛው ተቀምጧል። ሁለቱ እግሮቹ በእግር ብረት ስለ ተያያዙ ኮርቻው ላይ በጎን ነው ያስቀመጥሁት። ከራሱ እስከ እግሩ ጋቢ ጣል አድርጌበታለሁ።

«ዘበኛዬ» ይለኛል ከጋቢው ውስጥ። ከታሰረ ጀምሮ ስሜ ይኸው ነው። «ሙሽራ አስመሰልኸኝ እኮ። ሚዜዎቹ የታሉ?»

«ዝም በል ወንድሜ። ሰው ይሰማናል።»

«ማን? ጭላዳው?»

እውነቱን ነበር። ከአፋፉ ላይ ጭላዳዎች ሣር እየነጩ ያዩናል እንጂ ሰው የለም።

ይግዛው የቅኔ ተማሪ ነበር፤ ጓደኞቹ አንድ ቤት ሳይሞሉ እሱ ሦስት ቅኔ የሚቆጥር። ከዚያ ሕመሙ መጣ። እንቅልፍ አጣ፣ ከማይታይ ሰው ጋር ተሟገተ። አንድ ቀን ከቤት ወጥቶ በሁለተኛው ቀን ገደል አፋፍ ላይ እግሩን ወደ ታች አንጠልጥሎ ተቀምጦ አገኘነው። ጸበል ወሰድነው፤ ጥቂት ተሽሎት ተመለሰ፤ ዳግመኛ ወጣ። ያን ጊዜ እኔው ራሴ ደባርቅ ገበያ ወርጄ፣ ብረቱን በልኩ አሠርቼ አመጣሁ። ያን ቀን ስድስት ዓመቱ ነበር። ቁልፉ ከማተቤ ጋር አንገቴ ላይ ነበር።

ታዲያ ያን ቀን ወዴት ነበር የምወስደው? ዛሪማ፣ እህቴ ቤት። ልደብቀው። ከማን? ከኮሚሽነሩ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ከስምንት ቀን በፊት የቀበሌው ጸሐፊ ሁለት ገጽ ደብዳቤ አምጥቶ ሰጠኝ። አዲስ ደንብ ወጥቷል፣ የአእምሮ ሕሙማንን ጉዳይ የሚመለከት ኮሚሽነር ተሹሟል፣ በዚህ በዚህ ቀን እናንተ ቤት ይመጣል የሚል ነው። እኔ አራተኛ ክፍል ነው ያቆምሁት፤ ቢሆንም አነባለሁ፤ ጣቴን እያስኬድሁ። ጣቴ አንድ መስመር ላይ ደረሰና ቆመ። «ኮሚሽነሩ ሕመምተኛ ታስሮ ወደሚገኝበት ማንኛውም ቤት የመግባት ሥልጣን አለው» ይላል። ከሥሩ ማኅተም፤ ከማኅተሙ ሥር ስም።

ፍቅረ ሥላሴ ጥበብ።

የዳባቱ ፍቅረ ሥላሴ! በለጠች የአሥራ አራት ዓመት ልጅ ሳለች የታጨችለት ሰው! የቃል ማሰሪያ ብሎ የብር ድሪ አንገቷ ላይ ያሰረላት፣ ኋላ ጎንደር ለትምህርት ሄዶ በዚያው የቀረው። ባገራችን ልማድ ያፈረሰው ወገን የሰጠውን አይጠይቅም፤ ድሪው እሷው ዘንድ ቀረ። እኔ ሳገባት ሙዳይዋ ውስጥ ነበር። አድርጋው አላየሁም፤ ሸጣውም አላየሁም። ቢሸጥ ምን ነበረበት? ቢጠፋስ? የሰው ቤት ሲዘረፍ ድሪ ይጠፋል፤ የኛ ቤት ሌባ እንኳ አይገባም።

እንዲያው ትንሽነቴን ልንገራችሁ። ዳባት ገበያ ስንሄድ ከከተማው መግቢያ አንድ ሰፈር አለ፤ የነሱ ሰፈር ነው። በለጠች እዚያ ስትደርስ ሁልጊዜ ነጠላዋን ሰብሰብ ታደርጋለች። ሠላሳ አራት ዓመት ሙሉ ያችን ነጠላ ስጠብቅ ኖርሁ። እኔ ጨው ተሸክሜ ከኋላ እሄዳለሁ፤ ዓይኔ ነጠላዋ ላይ ነው።

ደብዳቤው የመጣ ዕለት ማታ ደግሞ በበሩ ስንጥቅ አየኋት። ድሪውን አውጥታ በአመድ ታሸዋለች። እስኪያበራ። እንግዲህ ቻሉት! «የመግባት ሥልጣን አለው» የሚለውን በልቤ እየደጋገምሁ ስምንት ቀን ሰነበትሁ። ሁለተኛውን ገጽ አልገለጥሁትም። ምን ያደርግልኛል? የሚያስፈልገኝን ያህል ተቃጥያለሁ።

በቀኑ ጧት በለጠች ኪዳን ልታደርስ ስትወጣ በቅሎዬን ጫንሁ። ቤቴ ውስጥ ሕመምተኛ ከሌለ፣ ኮሚሽነሩ በምን ይገባል? ይህን ያህል ብልህ ነበርሁ። «ይግዛውን ሊወስዱብን ነው» እያልሁ ለራሴ ሰበብ ሰጥቻለሁ፤ እውነቱን ግን አንገቴ ላይ ያለው ቁልፍም ያውቀዋል።

ሰውየው የዳባት ሰው ስለሆነ በዳባት በኩል ይመጣል ብዬ ነው በዛሪማ መንገድ የሸሸሁት። እሱ ግን ለካ ዛሪማ ወርዶ የታሰሩ ሰዎችን ሲጎበኝ ሰንብቶ፣ በዚያችው መንገድ ሽቅብ እየመጣ ነው።

አምስተኛው ጠመዝማዛ ላይ ነጭ መኪና ብቅ አለና ጥሩንባውን ነፋው። በቅሎዋ መንገዱን ዘግታ ቆመች።

«አባት!» አለ ሾፌሩ አንገቱን አውጥቶ። ያርጋል ይባላል፤ ኋላ ነው ስሙን ያወቅሁት። «በቅሎዋን ጥግ አስይዙልን እንጂ! ሙሽራ ነው እንዴ የጫኑት?»

«ነገርሁህ!» አለ ይግዛው ከጋቢው ውስጥ፣ ደስ ብሎት።

በቅሎዋ ደንግጣ ወደ ጎን ዘለለች። ጋቢው ተንሸራተተ። የጧት ፀሐይ እግር ብረቱ ላይ አረፈችና አብለጨለጨች። ከዚያ የመኪናው በር ተከፈተ።

ረጅም ነበር። ይህን አልክድም። በቀረው ግን ሠላሳ አራት ዓመት ሙሉ የሣልሁት ሰው አልነበረም፤ ፀጉሩ ከግንባሩ ሸሽቷል፣ የመነጽሩ አንድ ጆሮ በክር ታስሯል፣ የኮቱ ክርን ሳስቷል። ባርኔጣውን አወለቀ፤ እጅ የነሳው ግን ለኔ አልነበረም። እኔን አልፎ፣ በቅሎዋ ሥር ቆሞ፣ ቀና ብሎ ይግዛውን አየው።

«እንደ ምን አደርህ ወንድሜ» አለው።

ይግዛው ጎንበስ ብሎ አየው። ስድስት ዓመት ሙሉ ቤታችን የመጣ እንግዳ ሁሉ ለኔና ለበለጠች ሰላምታ ሰጥቶ፣ «እሱስ እንዴት ነው?» ብሎ እኛኑ ይጠይቃል እንጂ፣ ወደ እሱ ዞሮ የጠየቀው የለም።

«እግዚአብሔር ይመስገን» አለ በመጨረሻ። «አንተ ማነህ?»

«ፍቅረ ሥላሴ እባላለሁ። የታመሙ ሰዎች እንዴት እንደ ተያዙ እንዳይ የተሾምሁ ነኝ። ደባርቅ አንድ ሰው ለማየት እየመጣሁ ነበር።»

«እኔን ይሆናል። እኔም ካንተ እየሸሸሁ ነበር» አለና በቅሎዋን መታ መታ አደረጋት። «ማለቴ እሷ።»

ያርጋል ሳቀ። ኮሚሽነሩ ወደ እኔ ዞረ። «እርስዎስ አባቴ?»

አባቴ አለኝ! በሁለት ዓመት ብበልጠው ነው። «አሻግሬ እባላለሁ» አልሁ ደረቴን ነፍቼ። «የበለጠች ባል።»

ስሜን አልሰማውም። ሁለተኛውን ነው የሰማው። መነጽሩን አውልቆ በኮቱ ጫፍ ጠረገ። «የአለቃ መልከ ጼዴቅ ልጅ በለጠች?»

«እሷው ናት። ምነው፣ ረሳሃት?»

«መዝገቡ የተከፈተው በአባወራው ስም ብቻ ነው» አለ፤ ለኔም ለራሱም በሚመስል ድምፅ። «የሕመምተኛው የአባት ስም አልተጻፈበትም። ቢጻፍ ኖሮ እኔ ባልመጣሁ።» ከዚያ ወደ መኪናው ጮኸ፤ «ሕሊና! መዝገቡን ይዘሽ ውረጂ።»

አንዲት ቀጭን ልጅ ሰፊ መዝገብ ታቅፋ ወረደች። ምክትሉ ናት።

«ጻፊ» አላት። «ኮሚሽነሩ ይህን ጉዳይ አያየውም። የሕመምተኛው እህት ታጭታለት የነበረች ናት።»

እንዲያው እንዲህ አለው! ሾፌሩ እየሰማ፣ በአደባባይ። እኔ ሠላሳ አራት ዓመት ጉሮሮዬ ላይ የተሰነቀረውን ነገር፣ እሱ ዛሬ ዝናብ ዘነበ እንደሚል ሰው አስጻፈው። ልጅቱም ፊቷ ሳይለወጥ ጻፈችው።

ይህን ሲሉ ከላይ በኩል አንድ አይሱዙ እያጓራ ወርዶ ቆመ። ከጋቢናው ውስጥ በለጠች ዘለለች። ነጠላዋ ወድቋል፤ አላነሳችውም።

«አሻግሬ!» አለች። «ወንድሜን ወዴት ነው የምትወስደው? ጎረቤታችን አበባየሁ ባታይህ ኖሮ የት ብዬ ልፈልጋችሁ ነበር? ቤቱ ባዶ፣ መደቡ ባዶ! ገደል ገባ ብዬ ነፍሴ ወጥታ!»

«እህቴ ቤት ነው...»

«ዝም በል።» ከዚያ ፍቅረ ሥላሴን አየችው። እኔ ፊቷን አየሁ። ልጆቼ፣ የሰው ፊት ያን ያህል አተኩሬ አይቼ አላውቅም። የፈለግሁትን ነገር አላገኘሁበትም፤ የደከማት ሴት ፊት ነው። እጇን ከጉያዋ ከታ ድሪውን አወጣች። አብረቀረቀ።

የበቅሎዋን ልጓም ጠምዝዤ ያዝሁ።

«እንካ» አለችው። «ሁለተኛውን ገጽ አንብቤዋለሁ። የሥጋ ወይም የጋብቻ ትስስር ያለበት ኮሚሽነር ጉዳዩን አያይም ይላል። ሌላ ሰው እስኪሾም ወንድሜ ስንት ወር ይታሰር? ትስስሩ ይህ ከሆነ ይኸው፣ ፈታሁት። ውሰደውና ጉዳዩን እይልኝ።»

ሰማችሁ? ለዚህ ነበር በአመድ የምታሸው። የሰው ዕቃ ሳይጸዳ አይመለስም ብላ።

ፍቅረ ሥላሴ እጁን ወደ ኋላው አደረገ። «በለጠች» አላት። እትዬ የለ፣ ወይዘሮ የለ፤ ይህም ደግሞ ወጋኝ። «ብቀበልሽ ከባለጉዳይ እጅ ዕቃ ተቀበለ ነው የሚባል። ባልቀበልሽም ያው ነኝ። ድሪው ቢመለስ የሚያውቀን ሰው ሁሉ ማወቁን አይተውም፤ ለወንድምሽ ብፈርድለት ለድሮው ብሎ ነው ይላል፣ ብፈርድበት ቂም ይዞ ነው ይላል። ወር ግን አይፈጅብሽም። ምክትሌ እዚሁ አለች። ከዚህ ወዲያ ሥልጣኑ የሷ ነው።»

ይህን ብሎ ሄደ። የመንገዱ ዳር ድንጋይ ድረስ ሄዶ፣ ጀርባውን ሰጥቶን፣ ወደ ቆላው እያየ ቆመ። ምንም እንዳይሰማ። ይህም የሥራው ግዴታ ነው አለን ያርጋል። እኔ አሁንም ጀርባውን አያለሁ፤ ይዞር ይሆን ብዬ። አልዞረም።

ሕሊና ይግዛውን ከበቅሎዋ አወረደችውና መንገድ ዳር ድንጋይ ላይ አብራው ተቀመጠች። «እናንተ ሠላሳ ርምጃ ራቁልኝ» አለችን። «እሱን ለብቻው ማነጋገር አለብኝ።»

«እኔ እህቱ ነኝ» አለች በለጠች።

«ለዚያ ነው እትዬ።»

ራቅን። ብዙ አወሩ። አንዴ ይግዛው ሳቀ። አንዴ ራሱን በሁለት እጁ ያዘ፤ ልጅቱ ሳትነካው ጠበቀችው። በለጠች ዓይኗን ከወንድሟ ሳትነቅል አጠገቤ ቆመች። ሕሊና ተመልሳ መጀመሪያ የጠየቀችው ወረቀት ነው።

«ይህ ብረት ይታሰር ብሎ የጻፈ ሐኪም አለ?»

«የለም» አልሁ። «እኔ ነኝ ያሰርሁት።»

«እንግዲያው ዛሬ ይወልቃል። ይህን የማዘዝ ሥልጣን አለኝ።»

«ገደል ቢገባስ?» ጮህሁ። ይህ ጩኸት የቅናት አልነበረም ልጆቼ፤ ይህ እውነተኛው ነበር። «እናንተ መኪናችሁን አስነስታችሁ ትሄዳላችሁ! አፋፉ የኛ ጓሮ ነው! ብረቱ ሲወልቅ እኔ ዓይኔን የምከድነው መቼ ነው?»

አልተቆጣችኝም። «ልክ ነዎት ጋሼ አሻግሬ» አለችኝ። «ብረት አስወልቆ መሄድ አይፈቀድልንም። ጎንደር ሐኪም ዘንድ ማድረስ፣ መድኃኒቱን ማስጀመር፣ በሠላሳ ቀን ውስጥ ተመልሶ ማየት ግዴታችን ነው። ያለ ፍርድ ቤት ትእዛዝ ከቤታችሁ ልወስደው ደግሞ አልችልም።»

«ባትመለሺስ?»

«ያን ጊዜ እኔን ይከሱኛል። የሚከሱበትንም ይኸው።» ከመዝገቡ አንድ ቅጠል ቀድዳ፣ ፈርማ፣ ሰጠችኝ። ሹም ራሱን የሚያስከስስበትን ወረቀት በእጁ ሲሰጥ ያን ቀን ነው ያየሁት።

«አንድ ነገር ቀርቷል» አለች። «ሕመምተኛው ስለ እሱ የሚቆም፣ ሐኪም ቤትም እኛም ዘንድ የሚወክለው ሰው የመምረጥ መብት አለው። መርጧል።»

በለጠች ወደ ፊት ራመድ አለች።

«ጋሼ አሻግሬን ነው የመረጠው።»

በለጠች ባለችበት ቀረች። «ማንን?» አለች። «እኔ የናቱ ልጅ እያለሁ? ስድስት ዓመት ሙሉ ያጎረስሁት፣ ያጠብሁት እያለሁ? ይህን... ያሰረውን?»

ቅናትን ከውጭ አይቼው አላውቅም ነበር። እዚያ ጠመዝማዛ ላይ፣ በምወዳት ሴት ፊት ላይ አየሁት። ለካ እንዲህ ነው የሚመስል፤ የተራበ ሕፃን።

ይግዛው ከድንጋዩ ላይ ሆኖ ተናገረ። «እታለም፣ አንቺ ስታጎርሺኝ ታለቅሻለሽ። ያንቺ ለቅሶ ይከብደኛል። ዘበኛዬ ግን በውርጭ ጧት ቁርጭምጭሚቴን ሊያይ የፈታውን ብረት መልሶ ከማሰሩ በፊት ከጋቢው ሥር፣ ሆዱ ላይ አድርጎ ያሞቀዋል። ተኝቷል ብሎ ነው፤ እኔ አያለሁ።»

ማንም አያውቅም ብዬ ነበር። ለበለጠች እንኳ ነግሬያት አላውቅም። የኛን አገር የጥቅምት ብረት ታውቁታላችሁ፤ ሥጋ ይዞ ይቀራል። ዓይኔ ሞላ። ሕሊና ግን አልተወችኝም፣ እግዚአብሔር ይስጣት።

«የሞቀውም ብረት ነው ጋሼ» አለችኝ ቀስ ብላ። «ቁልፉን ያውጡት።»

አወጣሁት። ቀዳዳውን ሦስት ጊዜ ሳትሁት። በአራተኛው ተከፈተ። ቁርጭምጭሚቱ ላይ ያለውን ጠባሳ እስከ ዛሬ አልረሳሁትም። ብረቱን ሕሊና መዝገብ ላይ አስፍራ መኪናው ውስጥ አስገባችው።

በሚቀጥለው ሰኞ መኪና ሊልኩልን ተቃጠርን። ፍቅረ ሥላሴ ሲጠሩት ብቻ ዞረ። እኔም በዕድሜዬ አንድ ትልቅ ነገር ልሥራ ብዬ፣ «አቶ ፍቅረ ሥላሴ» አልሁት፣ «ደባርቅ ስትደርሱ መንገዳችሁ ነው፤ እቤት ጎራ በሉና እህል ቅመሱ።» ስናገረው ምን ያህል እንዳቃጠለኝ የማውቀው እኔ ነኝ።

ባርኔጣውን ደረቱ ላይ አደረገ። «አልችልም አያ አሻግሬ» አለ። «የናንተ ጉዳይ እስኪዘጋ ከቤታችሁ ውሃ እንኳ መጠጣት አልችልም። ደጃፋችሁንም አልረግጥም። እሱም ሁለተኛው ገጽ ላይ አለ።»

ማንኛውም ቤት የመግባት ሥልጣን ያለው ሰው! ከደጋ እስከ ቆላ በር የሚከፈትለት ሰው! የኔ ቤት ብቻ የተከለከለው! ለዚህ ሰው ነው በቅሎ ጭኜ የሸሸሁት። ቅናቴ መቀመጫ አጣ፤ ቆሞ ቀረ።

መኪናው ሄደ። ይግዛው በቅሎ አልፈልግም አለ፤ በእግሬ እሄዳለሁ አለ። ብረቱ ወልቆ ሳለ ርምጃው ግን አሁንም አንዲት ስንዝር ናት፤ እግሩ ገና አላመነም። እኔም ርምጃዬን በሱ ልክ አሳጠርሁ። በለጠችን በቅሎዋ ላይ አወጣኋት። አኩርፋለች፤ በኔም፣ በሱም።

ሁለተኛው ጠመዝማዛ ላይ ድፍረት አገኘሁ። «በሉቴ፣ ዳባት ስንሄድ እነሱ ሰፈር ስንደርስ ነጠላሽን የምትሰበስቢው ለምንድን ነው?»

«የቱ ሰፈር?» አለች። አሰበች። «ያ ውሻ ያለበት? አንዴ ጎትቶ ቀዶብኝ አይደል እንዴ! እሱ ሞቶ ልጁ፣ ልጁ ሞቶ የልጅ ልጁ፣ ዘራቸው ሁሉ ነጠላ ይጎትታል።»

ይግዛው መንገዱ መሃል ቁጭ ብሎ ሳቀ። እኔም። እሷ ለምን እንደምንስቅ እስከ ዛሬ አታውቅም፤ እንዳትነግሯት። ስቀን ስንጨርስ ድሪውን ከእጇ ወስጄ፣ ራሴ አንገቷ ላይ አሰርሁላት። የብር ነገር ነው፤ ያምራል። ለምን ሙዳይ ውስጥ ይክረም?

«ሙሽራዋ ተገኘች» አለ ይግዛው።

ሕሊና በሃያ ዘጠነኛው ቀን ተመለሰች። ይግዛው መድኃኒቱን ይወስዳል፤ ዛሬም ከባድ ቀን አለው፤ ያን ቀን ከጎኑ እተኛለሁ እንጂ አላስረውም። በደኅናው ቀን ለሰፈሩ ልጆች ፊደል ያስቆጥራል፤ ከናንተም መካከል ከሱ የተማራችሁ አላችሁ።

እንግዲህ ፀሐይዋ ሄደች፤ ተነሱ። ግን አንዲት ነገር ልለምናችሁ። ደንቡን ሁሉ አስታውሱ አልላችሁም፤ እኔም ግማሹን ረስቼዋለሁ። የታመመ ሰው ያለበት ቤት ስትገቡ ያ ሰውዬ በቅሎዋ ሥር ቆሞ ያደረጋትን አድርጉ፤ እኛን ጤነኞቹን እለፉንና መጀመሪያ እሱን «እንደ ምን አደርህ» በሉት። ይህችን ብቻ አስታውሱልኝ፣ ልጆቼ።